ከካምፕ እሳት ሆኖ መጣ፣ ጥቅምት ላይ በረደ፤ ዘንድሮም ልላከው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ መስከረም ላይ 11ኛ ክፍል ይገባል። ባለፈው ክረምት ቤተ ክርስቲያናችን ባዘጋጀችው የወጣቶች ካምፕ አንድ ሳምንት ቆየ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሳ ይጸልያል። ስልኩ ላይ የነበረውን ዘፈን በሙሉ አጠፋ። ታናሽ እህቱን ድራማ አየሽ ብሎ ያስለቅሳታል። አብሮት ያደገ የጎረቤታችን ልጅ አለ፣ ሙስሊም ነው፤ ከሱ ጋር ኳስ መጫወት አቆመ። ጥቅምት ሲገባ ሁሉም ነገር ቀረ። ጸሎቱም ቀረ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድም በጭቅጭቅ ሆነ። ዘንድሮ ምዝገባ ተጀምሯል። ባለቤቴ “የአንድ ሰሞን ወረት ነው፤ ብሩን ለማጠናከሪያ ትምህርት እንክፈለው” ይላል። እውነት ካምፕ ልጅ ላይ የሚተወው ነገር አለ? ልላከው ወይስ ይቅር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ልጁ ራሱ መሄድ ከፈለገ ይላኩት። ባለቤትዎ ያሉትም ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ወረት የሚባል ነገር አለ፤ ካምፕ ደግሞ ለወረት የተመቸ ቦታ ነው።

ሥራዬ የወጣቶች ሥነ ልቦና ነው። እዚሁ ጅማ ከወላጆችም፣ ካምፕ ከሚመሩ ወጣቶችም ጋር እገናኛለሁ። መሪዎቹ ነሐሴን አይተው «ልጆቹ ተነክተዋል» ይላሉ። ወላጅ ጥቅምትን አይቶ «ምን ተለወጠ?» ይላል። እኔ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብለን እንየው ባይ ነኝ። ልጁ 30 ዓመት ሲሞላው ከዚያ ሳምንት ምን ይዞ ይገኛል? እስካየሁት ድረስ ይዞ የሚገኘው ሰው ነው። ከልቡ ያዳመጠው አንድ ታላቅ፣ ምሥጢሩን የነገረው አንድ ጓደኛ፣ አምነው የሰጡት አንድ ኃላፊነት። ስሜቱ ይበርዳል። መብረዱም ጤና ነው። እነዚያ ሰዎች አብረው ሲጠፉ ነው ጉዳቱ።

እስቲ ከመብረዱ እንጀምር፤ እርስዎን ያስጨነቀዎት እሱ ስለሆነ።

ካምፕ ውስጥ ምን እንደሚሆን ያስቡት። ልጁ ስልኩን አስረክቧል። የቤት ሥራ የለም። «ሱቅ ሂድ፣ ውኃ ቅዳ» የሚለው የለም። ከጠዋት እስከ ማታ በእኩዮቹ ተከቧል። ይዘምራል፣ ይጫወታል፣ ይጸልያል፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ያወራል። የመጨረሻው ምሽት ላይ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይጫወታል። አንዱ ማልቀስ ሲጀምር አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርክሃይም እ.ኤ.አ. በ1912 ይህንኑ ነገር ጽፎታል። ሰዎች ተሰብስበው አንድን ነገር አብረው ሲያደርጉ፣ ብቻቸውን ሆነው የማያገኙት ሞቅታ ይይዛቸዋል። ጥምቀት ላይ ታቦት ሲያጅብ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ስታዲየም ገብቶ ጎል ሲቆጠር ያየም ያውቀዋል። ሐሰት አይደለም፤ ልጅዎም አላስመሰለም። ግን ያ ሞቅታ የተሰበሰበው ሰው ነው። ሰው ሲበተን አብሮ ይበተናል።

ከዚያ መስከረም ይመጣል። ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ አዲስ ክፍል፣ አዲስ አስተማሪ። ስልኩ እጁ ገብቷል። ሌሊት 11 ሰዓት የመነሳቱ ነገር ደግሞ መጀመሪያውኑም አይዘልቅም ነበር። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። 11 ሰዓት ለመነሳት ቢያንስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት። እናንተ ቤት በ3 ሰዓት የሚተኛ አለ? እኛ ቤት የለም።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ የቀረው ከአቅም በላይ የተያዘ ልማድ ነው። እምነቱ ቀርቷል ማለት ገና አይቻልም። ችግሩ ልጁ ራሱ ይህን ልዩነት አያውቀውም። ለራሱ የሚለው «ውሸቴን ነበር» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለምን ጭቅጭቅ እንደሆነ የሚገልጠው ይሄ ይመስለኛል።

ከካምፕ መልስ ያለችውን እሑድ ያስታውሷት። ልጆቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ፊት ይደረደራሉ። ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ጌታ ሕይወቴን ለውጦታል፤ ከእንግዲህ ወደ ኋላ አልልም» ይላል አንዱ። እልልታው ይቀልጣል፤ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ደስ ይላል፣ አልክድም። ልጁ ግን በዚያች ደቂቃ የ300 ሰው ዕዳ ተሸከመ። ጥቅምት ላይ ሲደክመው ለማን ይናገር? ያ ሁሉ ሰው «ተለውጫለሁ» ሲል ሰምቶታል። «አሁን ምንም አይሰማኝም» የሚልበት ማይክ የለም። ስለዚህ የሚያውቀውን አንድ መፍትሔ ይወስዳል፤ ከሰዎቹ ዓይን ይርቃል። እናት «እምነቱን ጣለ» ትላለች። ልጁ የሚሸሸው ግን እፍረቱን ነው። ይህን ዓይነት ልጅ በየዓመቱ፣ ኅዳር አካባቢ፣ ቢሮዬ አገኛለሁ። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚሉኝ «እኔ እኮ እንደ ሌሎቹ አይደለሁም» ነው። ሌሎቹም እንደዚያው እንደሚሉኝ ስነግራቸው ትከሻቸው ወረድ ይላል።

እንግዲህ የሚተርፈው ምንድን ነው?

የሰው ልጅ ትዝታ የራሱ ጠባይ አለው። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ሰዎችን ስለ ሕይወታቸው ብትጠይቁ፣ ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ድረስ ያለውን ከሌላው ዘመን አብልጠው ያስታውሳሉ። የትዝታ ተመራማሪዎች ይህን ደጋግመው አይተውታል። ካምፕ ደግሞ የሚውለው ልክ በዚህ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጭ ማደር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት መጸለይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለ60 ሰው ሽሮ ማማሰል። አይረሳም።

ግን ምኑ ነው የማይረሳው? አንድ አሁን ልጆች የወለደ ሰው አጫወተኝ። በወጣትነቱ ስለሄደበት ካምፕ ጠየቅሁት። የስብከቱን ርዕስ አያውቅም። ሰባኪውንም ረስቶታል። የሚያስታውሰው የዕቃ ማጠብ ተራውን ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሁለት ትልልቅ ሳፋ ቀርቧል፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የማለቅለቂያ። አብሮት የደረሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ መሪ ነው። መሪው ሳህን እያሻሸ «አባትህና አንተ እንዴት ናችሁ?» አለው። ከዚያ ዝም አለ። «ዝም ብሎ ጠበቀኝ» አለኝ ሰውየው። «ትልቅ ሰው ጠይቆ መልሴን ሲጠብቅ ያኔ ነው ያየሁት።» አሁንም ድረስ ይደዋወላሉ። ያን ዓመት ነሐሴ ላይ አልቅሶ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ሳላለቅስ እቀራለሁ? ሁላችንም አልቅሰናል» ብሎ ሳቀ።

ጥናቶቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በአሜሪካ ጃኮብ ሶረንሰን የሚባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዊስኮንሲን ግዛት ካሉ የሉተራን ካምፖች ተነስተው የክርስቲያን ካምፕ ልጆችን አጥንተዋል። የሚሠራ ካምፕ ምን ምን አለው ብለው አምስት ነገር አወጡ። ግንኙነት ላይ የቆመ ነው። ልጁ ተመልካች ሳይሆን ተሳታፊ ነው። ከቤት የተለየ ነው። ልጁ ሳይፈራ ራሱን የሚሆንበት ቦታ ነው። እምነቱም ለብቻው የሚመጣ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን ጨዋታውም ምግቡም ውስጥ ያለ ነው። ከአምስቱ ውስጥ ኪቦርድና ደብዛዛ መብራት የለም። ይህን የምለው ለመሪዎቹ ነው፤ ያነቡት ይሆናል።

ሌላው የክርስቲያን ስሚዝ ጥናት ነው። ክርስቲያን የሰውየው ስም ነው፣ የሶሺዮሎጂ ምሁር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 እና 2003 ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ከ3,000 በላይ አሜሪካውያን ልጆችን ጠይቀው፣ እነዚያኑ ልጆች ካደጉ በኋላም እየተመለሱ ጠየቋቸው። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው የወላጅ ነገር ነው። የልጁን እምነት ከማንም በላይ የሚቀርጸው የእናትና የአባቱ እምነት ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ፣ ከወላጅ ውጭ የሚያቀርቡት ትልልቅ ሰዎች መኖራቸው ትልቅ ነገር ነው። ይህ አሜሪካ ነው፤ ጅማ ሌላ አገር ናት። ሆኖም እኔ እዚህ የማየውን አይቃረንም። እንዲያውም እኛ ጋ ዘመድና ጎረቤት ስለሚበዛ፣ ያ «ሌላ ትልቅ ሰው» በቀላሉ መገኘት ነበረበት። ግን ልጆቻችንን የሚቆጣ ጎረቤት እንጂ የሚጠይቅ ጎረቤት ብዙ የለንም።

ስለዚህ አንድ ሳምንት ካምፕ 51 ሳምንት ቤትን አይተካም። ባለቤትዎ «ወረት ነው» ያሉት ልጁ እየሰማ ከሆነ፣ ከካምፑ ስብከት ይልቅ እሷን ቃል ነው የሚያስታውሳት። ይቅርታ፣ ግን እንዲህ ነው። በየቤቱ «አባ መጡልን!»፣ «ነቢዩ ሻይ ይጠጣሉ?» የሚል ቀልድ አለ። ለእኛ ጨዋታ ነው። ለ16 ዓመት ልጅ ግን ገና የበቀለን ነገር መርገጥ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ ልጅ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ከጥያቄዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው። ጸሎቱ ይመለሳል። ጓደኝነት ግን አንዴ ከተሰበረ ይከብዳል፤ ያውም እንደ ጅማ ባለ አብሮ በሚኖርበት ከተማ።

ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባል ትውልደ ቱርክ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በኦክላሆማ ግዛት 22 ወንዶች ልጆችን ካምፕ አስገባ። ዕድሜያቸው 11 እና 12 ነው። ለሁለት ከፈላቸው። መጀመሪያ አንዱ ቡድን ሌላው መኖሩን አያውቅም ነበር። ከዚያ አገናኝቶ አወዳደራቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሰዳደብ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ ማቃጠል፣ ሌሊት የሌላውን ማደሪያ መውረር ተጀመረ። ልብ ይበሉ፤ ልጆቹ በሙሉ ነጭ፣ በሙሉ ፕሮቴስታንት፣ በሙሉ ከተመሳሳይ ቤት የወጡ ነበሩ። በሃይማኖትም በዘርም የሚለያዩበት ነገር አልነበረም። «እኛ» እና «እነሱ» ተብለው መወዳደራቸው ብቻ በቃ። ሸሪፍ ልጆቹን ገፋፍቷቸዋል ተብሎ በኋላ ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ግን የካምፕ መሪ ሳያስበው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳያል። ልጆቹን መልሶ ያስታረቃቸው ደግሞ ምክር አልነበረም። የውኃ መስመሩ ተዘጋ ተብሎ አብረው ፈለጉ፤ አልነሳ ያለ መኪና አብረው ጎተቱ። በሥራ ታረቁ።

ልጅዎም ጓደኛውን ጠልቶት አይመስለኝም። ካምፕ ውስጥ «ዓለም» ሲባል ሰምቷል፣ «ከማያምኑ ጋር አትጠመዱ» ሲባል ሰምቷል። ሰፈር ሲደርስ «ይሄ ማንን ነው የሚመለከተው?» ብሎ ዙሪያውን አየ፤ ቅርብ ያገኘው ያን ልጅ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ትምህርትን በልኩ አይወስድም፣ እስከ ጥግ ነው የሚሄደው። እርስዎ ጅማ የኖሩ ሰው ነዎት። ሠርግ ላይ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ድስት ለየብቻ ይጣዳል፤ ሁለቱም ግን አንድ ድንኳን ውስጥ ይበላል። ለቅሶ ላይ ማን ከማን ጋር ይቀመጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እምነትን አጥብቆ መያዝና ጎረቤትን መያዝ አብረው እንደሚሄዱ ልጁ በዓይኑ እያየ ነው ያደገው። የጎደለው ይህን ከካምፑ ትምህርት ጋር የሚያገናኝለት ሰው ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ንግግር አላበዛም። ሁለቱን ልጆች አንድ ሥራ እሰጣቸዋለሁ። በዚህ ዝናብ የሚጠገን አጥር፣ የሚጸዳ ቦይ የማይጠፋበት ግቢ የለም። ከዚያ ካምፕ ከመሄዱ በፊት መሪውን በቀጥታ እጠይቃለሁ፦ «የሌላ እምነት ጓደኛ ስላላቸው ልጆች ምን ትነግሯቸዋላችሁ?» መልሱ «ራቁ» ከሆነ እኔ በበኩሌ ልጄን አልክም። መልሱ «አክብሩ፣ አብራችሁ ተጫወቱ፣ ስለ እምነታችሁ ከጠየቋችሁ ደግሞ አትፈሩ» ዓይነት ከሆነ ይሂድ።

የእህቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ቤት ውስጥ ሕግ የሚያወጡት እናትና አባት ናቸው። «ያንተን ስልክ አንተ ታጸዳለህ፤ የሷን ድራማ እኔ አያለሁ» ይበሉት። ይበቃል።

መሪዎቹን ሌላም የሚጠይቁት አለ። ልጆቹ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ሦስት ሌሊት ያልተኛ ልጅ በአራተኛው ቀን ምን ቢሉት ያለቅሳል፤ ያ የመንፈስ ሥራ ይሁን የድካም መለየት ያቅታል። ጾም ይጾማሉ ወይ? ልጁ ሕመም ወይም የሚወስደው መድኃኒት ካለው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ኃጢአታቸውን በሰው ፊት እንዲናገሩ ይደረጋል ወይ? ይደረጋል ከተባለ ለምን ብለው ይከራከሩ። ልጅ በማይክ የተናገረው ምሥጢር ከሱ በፊት ሰፈር ይደርሳል። ስለ ሲኦል በማስፈራራት ውሳኔ የሚያስወስን ካምፕም አጋጥሞኛል። በፍርሃት የመጣ ልጅ ፍርሃቱ ሲለቀው ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ፍርሃቱ ሳይለቀው እንቅልፍ አጥቶ ይኖራል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ይህ ሁለተኛው ነው።

ደኅንነቱን በተመለከተ አይፈሩ፣ ይሉኝታም አይያዝዎት። የት ነው የሚተኙት? መሪዎቹስ የት? አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ዝግ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚሆንበት አጋጣሚ አለ? መኖር የለበትም። «የእግዚአብሔር ሰው ነው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም። የአሜሪካ ካምፕ ማኅበር መለኪያ ለአዳር ካምፕ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ለ8 ልጅ አንድ መሪ፣ ከዚያ በላይ ላሉት ለ10 ልጅ አንድ መሪ ነው። እኛ ጋ ለ40 ልጅ ሁለት ወንድሞች የሚመደቡበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ቁጥሩን ጠቅሰው ይሟገቱ። ካምፑ ሐይቅ ዳር ከሆነ ዋና የሚችል ጠባቂ መኖሩን ይጠይቁ፤ ብዙ ልጅ ዋና አይችልም፣ ጓደኞቹ ፊት ግን አልችልም አይልም። ስምጥ ሸለቆ ድረስ የሚሄዱ ከሆነ አጎበር ይዘው ይሂዱ። ጅማም ብትሆን ከወባ ነጻ አይደለችም። ወባ አብዛኛውን ጊዜ ትንኟ ከነከሰች ከ7 እስከ 30 ቀን ባለው ውስጥ ነው የሚታየው። ስለዚህ ልጁ ተመልሶ መስከረም መጀመሪያ ላይ ቢያተኩሰው «ዝናብ መትቶት ነው» ብለው በዝንጅብል ሻይ እንዳያልፉት፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

አንድ ነገር በቅንፍ። ይህ የካምፕ ሐሳብ የመጣው በጋቸው ፀሐያማ ከሆነ አገር ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ያለው የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ካምፕ ዱድሊ ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቋረጥ እየሠራ ነው፤ ሐይቅ አለው፣ ደን አለው፣ ፀሐይ አለው። የእኛ ልጆች እረፍት የሚወጡት ግን የአዌቱ ወንዝ ደፍርሶ በሚሞላበት ወቅት ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የሚደረገው ካምፕ አዳራሽ ውስጥ ይታጎራል፤ ስብከቱ የሚበዛውም አንዱ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሌላ የሚሠራ ነገር ይጠፋል። ብልህ መሪ ዝናቡን ይጠቀምበታል። ልጆቹን ምግብ ያሠራል፣ ድራማ ያስጽፋል፣ የአንዲት አሮጊት የሚያፈስ ጣሪያ ያስጠግናል። ለ16 ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ስብከት የለም። በነገራችን ላይ ይህን የምታነቡ የኦርቶዶክስ ወላጆች «እኛን አይመለከትም» አትበሉ። በፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የሚከርሙት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የክረምት ኮርስ የሚወስዱት ልጆች ላይም የማየው ያው ነው። ቡሄ አልፎ ጾሙ ሲፈታ፣ መምህሩ ልጁን በስሙ ጠርቶ «የት ጠፋህ?» የሚለው ከሆነ ልጁ ይመጣል።

እሺ፣ ልጁ ሄደ እንበል። ሲመለስስ?

መጀመሪያ ያስተኙት። ሁለት ቀን ያህል ቢነጫነጭ፣ ቢከፋው አይደንግጡ፤ ግማሹ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ግማሹ ጓደኞቹን መናፈቅ። «ምን ተማርክ?» አይበሉት፤ የሚመልስልዎ ለማይክ ያዘጋጀውን ነው። «ከማን ጋር ነው የተኛኸው? ምግቡስ? ማን አሳቀህ? ማን አበሳጨህ?» ይበሉት። ከዚያ ጨዋታ ውስጥ ያ «ሰውየው» ይወጣል። ስሙ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳል። ያን ስም ይያዙት።

ውሳኔ ወስኖ ከመጣ አይቃወሙት፣ ግን ያሳንሱለት። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ሥራ፣ «እንዲህ አደርጋለሁ» ከሚል ጥቅል ውሳኔ ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚል ውሳኔ እንደሚጸና አሳይተዋል። ስለዚህ «በየቀኑ ሌሊት ለአንድ ሰዓት ያህል እጸልያለሁ» የሚለውን «ጠዋት ሻይ እስኪፈላ ድረስ አንድ መዝሙር አነባለሁ» ወደሚል ያውርዱለት። ትንሽ ናት። ጥቅምት ላይ ብትቋረጥም በማግስቱ ለመቀጠል አታሳፍርም። ከቻላችሁ እናንተም አብራችሁ አንብቡ፤ ባለቤትዎም ጭምር። አባት በሳምንት አንድ ቀን ቢቀመጥ ልጁ የሚያየው ነገር ብዙ ነው።

ከዚያ መስከረም ውስጥ፣ ልጁ ገና ሳይበርድ፣ ያንን መሪ ቤት ይጥሩት። ቡና አፍልተው ያቅርቡለት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ ከግቢው ካፌ እረፍት ስለሚሆነው ደስ ብሎት ይመጣል። «ልጄን አደራ» የሚለውን ትልቅ ንግግር ይተዉት። «ጥቅምት ላይ ደውልለት፤ ስለ ጸሎት አትጠይቀው፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ኳሱ ጠይቀው» ይበሉት። ብዙ ወጣት መሪ ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም። ካምፑ ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ቤተ ክርስቲያናችሁም ለካምፑ ያወጣችውን ጉልበት ሩቡን ለኅዳር ብታስቀር፣ አምስት አምስት ሆነው የሚገናኙበት አንድ ቅዳሜ ብታዘጋጅ፣ ማይክ የሌለበት፣ «በርዶኛል» ማለት የሚቻልበት፣ ከሚቀጥለው ዓመት ካምፕ የበለጠ ይጠቅማል። ይህን ለሽማግሌዎቹ መንገር የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ከፋዩ ወላጅ ሲናገር ይሰማል።

የማጠናከሪያውን ነገር በተመለከተ፣ ክረምቱ ከሁለት ወር በላይ ነው፤ ካምፑ አንድ ሳምንት ነው። የሚጋጩት ብሩ ላይ ብቻ ነው። በእርግጥ ሁለቱንም መክፈል የማይቻል ከሆነ ለቤተ ክርስቲያኑ በግልጽ ይንገሩ። ብዙ ቦታ ለማይችል ልጅ የሚሸፍኑበት መንገድ አላቸው፤ ሰው ስለሚያፍር ነው የማይጠይቀው። ካልሆነም ማጠናከሪያውን ያስቀድሙ። እላይ የዘረዘርኩት አብዛኛው ነገር ያለ ካምፕም ይደረጋል።

ልጁ «አልሄድም» ካለ ደግሞ አያስገድዱት። በግድ የተላከ ልጅ ካምፕ ውስጥ የሚማረው መደበቅን ነው። «ለምን?» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁትና ይተዉት። ምናልባት ባለፈው ዓመት በማይክ የተናገረው ቃል አሳፍሮት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ምዝገባውን ይርሱትና ባለፈው ክረምት ስሙን ደጋግሞ ያነሳው የነበረውን መሪ ስልክ ይፈልጉለት።